የደረቅ እንጨት አንቀጽ

ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ የመታሁት ግን እኔ ነኝ። ያኔ ታይፕ «ይመታል» እንጂ «ይጻፋል» አይባልም ነበር። አሥራ አንድ አንቀጽ ነበረው። አንዷን አጉድዬ የመታሁትም እኔው ነኝ። ይህን ለነፍስ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ከዚያች መንደር ውጭ ለሌላ ሰው ስናገር ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አሰበ ተፈሪ የመጣሁት ከጎጃም ነው። የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ ምደባ ሲወጣ ጓደኞቼ «ሐረርጌ? በቃ፣ ጫት ያስለምዱሻል!» ብለው ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም። ከደብራችን እምነት በጨርቅ ቋጥራ በአንገቴ አሰረችልኝ። ከግቢው ዛፍ አንዲት ቅጠል ለትዝታ እንኳ ብትመኝ አትቀነጥብም፤ የደብራችን ደን ግዝት ነው። ዘበኛ የለው፣ አጥር የለው፤ አባቶች ገዝተውታል፣ አለቀ። እኔ ልጅ ሆኜ ዛፍ የሚጠበቀው በሌላ መንገድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የተመደብኩበት የደን ጽሕፈት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። በአንዱ ኃላፊያችን ይቀመጣል፤ ደን የተማረ፣ ዝምተኛ፣ ሲናደድ እንኳ ድምፁን የማያነሣ ሰው። በሌላው እኔ፣ የአማርኛ ታይፑ፣ የስቴንስል ማባዣውና ኤግዚቢቱ አለን። ኤግዚቢት የምንለው የደን ዘበኛው ከሰው እየቀማ የሚያመጣውን ነው፤ መጥረቢያ፣ ገጀራ፣ መጋዝ። እኔ በየአንዳንዱ ላይ ከማን፣ መቼ፣ የት እንደተያዘ በካርቶን ቁራጭ ጽፌ በሲባጎ አስራለሁ። ከተፈጥሮዬ ጥንቁቅ ነኝ፤ ያሰርኩት ካርቶን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም።

ሕጉ አጭር ነበር። ደኑ የመንግሥት ነው፤ ያለ ፈቃድ የገባ ይቀጣል። እርጥብ ቆረጠ፣ ደረቅ ለቀመ፣ ልዩነት የለውም። ለዚያ ሁሉ ተራራ ዘበኛው አንድ ነው። ፈቃድ ያለው ግን ይገባል። የመንደር ምስረታው ጊዜ ስለነበር ለአዲሶቹ ቤቶች ምሰሶና ማገር ይፈለጋል፤ ከበላይ «ይፈቀድላቸው» የሚል ወረቀት ይመጣል፤ እኔ ፈቃዱን በሦስት ካርቦን እመታለሁ፤ ኃላፊው ይፈርማል። ከዚያ ጥድና ዝግባ የጫነ መኪና በመስኮቴ ፊት ወደ ገለምሶ መንገድ ያልፋል። ጥዱ ሲያልፍ ሽታው ቢሮ ድረስ ይገባ ነበር። የደብራችን ሽታ ነው። እኔ ሞኟ፣ አገሬን ያስታውሰኛል ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ አንዲት እናት በሩን ገፍተው ገቡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከወገባቸው ትንሽ ጎበጥ ያሉ። ከደኑ ሥር ካለችው መንደር ናቸው፤ ባላቸው ሞቶ ሁለት የልጅ ልጆች የሚያሳድጉት ደረቅ እንጨት ለቅመው ከተማ እየሸጡ ነው። የመንደራቸው ሰው ሁሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ኋላ እኔም አዮ አልኳቸው።

«ጠፍሬን ፈልጌ ነው» አሉኝ።

«ምን ላይ ሳሉ ተያዘብዎ?»

«ጀርባዬ ላይ!»

ሳቄ አመለጠኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ዘበኛው ሸክማቸውን አስጥሎ እንጨቱን ሜዳ ላይ በትኖ የተሸከሙበትን ጠፍር ወስዷል። መጥረቢያ ስለሌላቸው የሚወሰድ ሌላ ነገር አላገኘም። ጠፍሩ ከበሬ ቆዳ የተሠራ፣ ከእናታቸው የወረሱት፣ በዘመን ብዛት የለሰለሰ ነበር። በሌላ ገመድ መሸከም ትከሻ ይቆርጣል። እኔ ካርቶን አስሬበት ጥግ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

«ኃላፊው ካልፈረሙ መስጠት አልችልም።»

«የታለ እሱ?»

ሳልመልስ የኃላፊውን በር ከፈቱ። «አንተ ነህ ጠፍር የምታስር?»

እኔ ደነገጥኩ። ኃላፊያችንን ያኔ «ጓድ» ሳይል የሚጠራው የለም። በአዮ አማርኛ ውስጥ ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኃላፊም አህያም «አንተ» ነው። እሱ ፈገግ አለና ሕጉን አስረዳቸው፤ ጉዳዩ ታይቶ እስኪወሰን ጠፍሩ ይቆያል አላቸው።

«ደህና» አሉ አዮ። «ጠፍር ካልተቀባ ግን ይሰነጠቃል። አንተ ትቀባዋለህ?»

ኃላፊው «እንግዲያው እየመጡ ይቅቡት» አላቸው።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከገበያ ሲመለሱ ጥፍር የምታክል ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው ይመጣሉ። ጠረጴዛዬ ሥር መሬት ላይ ይቀመጡና ጠፍሩን ይዘረጋሉ። «አካም ቡልቴ?» ይሉታል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሽተው፣ ጠቅልለው፣ ከነካርቶኑ ወደ ጥጉ ይመልሱታል። እስረኛ ልጇን የምትጠይቅ እናት ይመስሉ ነበር። እኔም ካርቶኑ መኖሩን አያለሁ። በእነዚያ ወራት በቃጫ ገመድ ነበር የሚሸከሙት። ነጠላቸው ሲንሸራተት ትከሻቸው ላይ ያለውን ቁስል አይቼ ዓይኔን ወደ ታይፑ መልሻለሁ።

እየቀቡ ስለ አገሬ ይጠይቁኛል። ስለ ደብራችን ደን ስነግራቸው እጃቸው ቆመ።

«ዘበኛ ሳይኖረው?»

«ግዝት ነዋ፣ አዮ።»

«እኛም እኮ ነበረን» አሉ። «ከምንጩ በላይ ያለውን ዛፍ የነካ አባርሳ ያገኘዋል ይባላል። የሽማግሌ እርግማን። ከዛ መንግሥት መጣና ‹የኔ ነው› አለ። ከዛ ሰዉ፣ የመንግሥት ከሆነ ብሎ ቆረጠ። ከመንግሥት የሰረቀን ማን ይረግማል?»

ሌላ ቀን ደግሞ ታይፑን እየመታሁ ሳለ «ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«የምሰሶ ፈቃድ።»

ጥቂት አዳመጡ። «አንቺ እዚህ ትመቻለሽ፣ ዛፉ እዛ ይወድቃል» አሉና ጠፍራቸውን መቀባት ቀጠሉ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ዝናብ መጣ እንደማለት ነው የተናገሩት። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የታይፑን ድምፅ እንደ ቀድሞው መስማት አልቻልኩም። የነፍስ አባቴ «መጥረቢያው ባንቺ እጅ አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። አልቀለለኝም።

ምንጩ በዚያ በጋ ቀጠነ። የመንደሪቱ ሴቶች ማሰሮ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይቀመጡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበርና አንድ ትልቅ ሽማግሌ ቢሮ የመጡት። ሊቀመንበሩ ፊደል የቆጠረ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል የሚሮጥለት ሰው ነበር። ሽማግሌው ዓይናቸው ደከም ያለ፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ይናገራሉ፣ ሊቀመንበሩ ይተረጉማል።

«አንድ ዘበኛ ተራራ አይጠብቅም ይላሉ። እኛ እንጠብቀው። በምን ደንብ ከተባለ፣ ደንቡን እኛ ተናግረን እናንተ ጻፉት። ፈቃድ ስትሰጡም መጀመሪያ እኛ እንስማ። ዛፉ የኛ ነው አላልንም፤ የናንተም አይደለም። የረቢ ነው፤ የፈጣሪ።»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ይህን ሰው ከዚያ በፊት እንደዚያ ሲደሰት አላየሁትም። መጥረቢያ መሰብሰብ ደን መጠበቅ እንዳልሆነ ካወቀ ቆይቶ ነበር። «ደንቡን አውጡ፣ ከበላይ አስጸድቃለሁ» አላቸው። «እዚህ ከጸደቀ የገለምሶም የመቻራም ሰው ይከተላል። ያኔ ሕጉን ራሱን አሻሽሉ ብለን መጠየቅ እንችላለን።»

ሽማግሌው አንድ ነገር ጨመሩ። ሰው ሳይሰበሰብ ክፍል ውስጥ የተጻፈ ደንብ ደንብ አይሆንም፤ ስለዚህ ታይፑ ወደ መንደር ይውጣ።

ረቡዕ ቀን ከኃላፊው፣ ከሊቀመንበሩና ወደ መንደራቸው ከሚመለሱት ከአዮ ጋር ታይፑን በአህያ ጭነን ተነሣን። ከተማውን ሳንወጣ ዳገቱ ሥር ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ጋደለ፣ አህያዋም ተኛች። ሊቀመንበሩ ጎተታት፣ ገፋት፣ ሰደባት። አዮ ቆመው አዩና «እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ ተዋት። እኔ እሸከማለሁ» አሉ። ቀጥለው ወደ ኃላፊው ዞሩ። «ግን ጠፍሬን አንተ አስረሃል።»

ኃላፊው እኔን አየኝ። ሮጬ ቢሮ ተመለስኩ፤ «ለመንግሥት ሥራ በውሰት» ብዬ ጽፌ ጠፍሩን አመጣሁ። አዮ ተቀብለው በመዳፋቸው አሻሹት። ታይፑን በነጠላቸው ጠቅልለው በጀርባቸው አዘሉት፤ ጠፍሩን ደረታቸው ላይ አጠበቁና ዳገቱን ጀመሩት። እኔ ወረቀትና ካርቦኑን አቅፌ ከኋላ ከኋላ። ታይፑ በየእርምጃቸው ቅጭል ይላል።

ስብሰባው ከምንጩ አጠገብ ወይራ ሥር ነበር። ወንዶቹ ጫታቸውን ይዘው በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። ገና እንደተቀመጥኩ አንዲት ሴት በቅል ወተት አቀረበችልኝ። ረቡዕ ነው። እንቢ ብል ነውር፣ ብጠጣ ጾም መግደፍ። አዮ ገብቷቸው ተናገሩልኝ፤ ሴቶቹ ሳቁ። «ምን አሏቸው?» አልኳቸው። «‹የነሱ ረመዳን ብዙ ነው፣ ግን ቁርጥራጭ ነው› አልኳቸው» አሉና ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ጨበጡልኝ።

ደንቡ የወጣው እንዲህ ነው። ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ሰው ይከራከራል፣ ሲስማሙ ሊቀመንበሩ በአማርኛ ይነግረኛል፣ እኔ እመታለሁ። እሱ ወረቀቱን አይቶ ለሰዉ መልሶ በኦሮምኛ ይናገራል። ሰዉ እርጥብ ሣር በእጁ እንደያዘ «ሀ ተኡ» ይላል፤ ይሁን ማለት ነው። ያኔ ሽማግሌው ከመቁጠሪያቸው አንዲት ፍሬ ያሳልፋሉ። ማንበብ አይችሉም፤ መዝገባቸው ያ ነው። ከምንጩ በላይ ያለ ዛፍ በማንም አይነካም። ሀ ተኡ። አንድ ፍሬ። ቤት የተቃጠለበት ሰው ምሰሶ በጉባኤ ይፈቀድለታል። ሀ ተኡ። አንድ ፍሬ። ከውጭ ፈቃድ ይዞ የመጣ ወረቀቱ በጉባኤ ፊት ሳይሰማ አይቆርጥም። ይህቺኛዋን ሲሉ ድምፃቸው በረታ።

ሰባተኛዋ የሴቶቹ ነበረች። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ተቃወመ፤ ሊቀመንበሩ በጆሮዬ ተረጎመልኝ። «ሴቶቹ ደረቅ ለቀማ እያሉ እርጥቡን ይጨርሱታል ነው የሚለው።»

አዮ ከተቀመጡበት መለሱለት፤ ሴቱም ወንዱም በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቁን ጨርሶ መተርጎም አቃተው። «‹እርጥብ እንጨት ተሸክመህ ታውቃለህ? እርጥብ የሚሸከም ሰው ሌባ ሳይሆን ሞኝ ነው› አለችው።»

ጸደቀች። ሴቶች ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ያለ መጥረቢያ፣ የወደቀና በእጅ የሚሰበር ደረቅ እንጨት ይለቅማሉ፤ ጠፍራቸውም አይያዝም። ሀ ተኡ። ሁሉም ሲያልቅ አሥራ አንድ ሆነ። ሽማግሌው ከነጠላቸው ጥለት ክር መዝዘው ከአሥራ አንደኛዋ ፍሬ ቀጥሎ አሰሩ።

ቢሮ ስንመለስ አዮ ታይፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ ጠፍሩን ከደረታቸው ፈቱ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። በሌላው እጄ ካርቶኑን ይዣለሁ። በውሰት ነዋ የወጣው። እሳቸው እጄን አዩ፣ ካርቶኑን አዩ፣ ጠፍሩን ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ላቤን ጠጥቷል» አሉ። «እስከ ቅዳሜ ይበቃዋል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ኃላፊው ጠራኝና ደንቡን አነበበ። ሰባተኛዋ ላይ ቆመ።

«ይህቺ ለጊዜው ትቆይ» አለ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ሕዝቡ እኮ ሰምቷታል።»

«ሕዝቡ ይጎዳ ብዬ መሰለሽ? አዋጁ ማንም አይገባም ይላል። በዚህች በአንዷ ሰበብ አሥሩን ይመልሱብናል። አሥሩ ይጽደቁ፤ ይህቺን በኋላ እናስገባታለን።»

በቅንነት ነው ያለው፤ ዛሬም አልጠራጠረውም። እኔም ታዛዥ ነበርኩ። ደንቡን ያለ እሷ በስቴንስል መታሁት። ስምንተኛው ሰባተኛ ሆነ፣ ዘጠነኛው ስምንተኛ። አንድም ፊደል አልሳትኩም፤ በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ንጹሕ ገጽ መትቼ አላውቅም። ወይራው ሥር የመታሁትን የመጀመሪያውን ረቂቅ ቅደጂ ተባልኩ፤ ቀደድኩ። ካርቦን ቅጂውን ግን እጄ እንቢ አለኝ። አጥፌ በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ልጸልይ ስገልጠው ቀድሞ የሚመጣው እሱ ሆነ።

ቅዳሜ አዮ ቅቤያቸውን ይዘው መጡ።

«ደንባችን ደረሰ?»

«ደርሷል፣ አዮ።»

«የኛም አለች?»

«አንቀጾቹ አሉ» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና፣ ያን ቀን ከወትሮው ብዙ ቅቤ አድርገው ቀቡት። ሊፈታ ነው ብለው ይሆናል።

የጣት አሻራ ሊደረግበት ሁለተኛው ስብሰባ ተጠራ። ታይፑ ምናልባት የሚታረም ካለ ተብሎ እንደገና በአዮ ጀርባ ወጣ፤ ጠፍሩም እንደገና በውሰት። ቅጂዎቹ በማባዣው ወጥተው ተዘጋጅተዋል፣ የአሻራው ቀለም ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሊቀመንበሩ ማንበብ ጀመረ። እኔ የሽማግሌውን እጅ ነበር የማየው። አንድ ፍሬ። ሁለት ፍሬ። አንዱ ጎልማሳ ቸኩሎ ገና ሳያልቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተቀመጠ። ሊቀመንበሩ አሥረኛውን አንብቦ «አለቀ» አለ።

ሽማግሌው ክሩን ዳሰሱ። «ቶኮ ናፍ ሀፌ» አሉ። አንድ ቀረኝ።

«አባቴ፣ ወረቀቱ አሥር ነው የሚለው።»

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያው፣ አንዲት ፍሬ። ከወጣቶቹ መካከል አንዱ ጫቱን እንደጎረሰ «ክሩን ያሰሩ ቀን በርጫው ጠንክሮ ነበር» አለ መሰለኝ፤ ሳቅ ተነሣ። የሽማግሌው ፊት ጨለመ። ሦስተኛ ሊቆጥሩ ሲጀምሩ ጣታቸው የመጀመሪያዋን ፍሬ መያዝ አቃታት። እኚህ ሰው ከዚያች ደቂቃ በኋላ በመንደራቸው ያረጁ፣ የጃጁ ሊባሉ ነው። በእኔ ምክንያት።

ተነሣሁ። ወደ ኃላፊው አላየሁም፤ ካየሁ እቀመጣለሁ ብዬ ፈራሁ።

«አባቴ አልተሳሳቱም። አንዷን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።»

ሊቀመንበሩ ተረጎመላቸው። ሣር የያዘው እጅ ሁሉ ወረደ። የጸሎት መጽሐፌን አውጥቼ ካርቦኑን ዘረጋሁና ሰባተኛዋን አነበብኩ። 

አዮ ከሴቶቹ መካከል ቀና ብለው አዩኝ። «ቅዳሜ ስጠይቅሽ አለች ብለሽኝ ነበር» አሉ፣ በአማርኛ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገሩ ሁሉ በቀስታ።

«አላልኩም አዮ። አንቀጾቹ አሉ አልኩ። ውሸት ነው ግን። ይቅር በሉኝ።»

ያን ጊዜ ኃላፊው ተነሣ። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለና ምክንያቱን ሁሉ አስረዳ፤ አሥሩን ለማዳን ነው አለ። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲጨርስ የተናገሩትን ሊቀመንበሩ እንዲህ መለሰልን፦

«ጫካ ውስጥ ከኛ ይልቅ የምትውለው ማን ናት? እሷ ናት። መጥረቢያ ሲመታ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። በደንቡ ካለች ሮጣ ትነግረናለች። ከሌለች እሷም ተደብቃ ነው የገባችው፤ ማንን ትናገራለች? በሩ ውስጥ ያላስገባኸው ሰው በር አይጠብቅልህም።»

ቀለም የነከረው ጎልማሳ፣ ያ በመጀመሪያው ቀን የተቃወመው ራሱ፣ አውራ ጣቱን ሣሩ ላይ ጠረገ። «እሷ ካልገባች የኔም አሻራ የለም» አለ። ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። «ቦታ አለው?»

«ከታች አለው።»

«ምቻት።»

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ ወደ ታይፑ እያስገባሁ ከግርጌው መታኋት። ቦታዋ ሰባተኛ ነበር፤ አሁን አሥራ አንደኛ ሆነች። አዮ አጠገቤ ተንበርክከው ወረቀት ያቀብሉኛል፣ የተመታውን ይቀበሉኛል፣ ቀለሙ እንዳይነካካ በሁለት ጣት ይይዙታል። እጃቸው ከእጄ ጋር እኩል ይሄድ ነበር። ሊቀመንበሩ እንደገና አነበበ። ሽማግሌው አሥራ አንደኛዋን ፍሬ ከክሩ ጋር ሲያገጣጥሙ እፎይ አሉ። አሻራው ሲጀመር መጀመሪያ ሴቶቹን አስቀደሙ።

ቢሮ ስንደርስ ኃላፊው በገዛ እጁ «ኤግዚቢቱ ለባለቤቷ ይመለስ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ካርቶኑን ፈታሁ። ሲባጎውን ስለማጠብቀው ጊዜ ወሰደብኝ፤ አዮ ታግሠው ጠበቁ።

«አደራ ታውቂያለሽ» አሉኝ ጠፍሩን ተቀብለው። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅቤ ይዤ አልመጣም። ማክሰኞ እንጨት አመጣልሻለሁ።»

ደንቡ ወደ በላይ ተላከ። መልስ አልመጣም። ኃላፊው ጻፈ፣ ደግሞ ጻፈ፤ እኔ መታሁ። አልተፈቀደም፣ አልተከለከለም። በመንደሪቱ ግን ጸድቋል፤ ሀ ተኡ ከተባለ ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለም። ዘበኛውም ቀስ በቀስ ገባው፤ ማክሰኞና ቅዳሜ የሴቶቹን እጅ አይቶ መጥረቢያ ከሌለ ያሳልፋል። ፈቃድ ይዞ የመጣ መኪናም ሁለት ጊዜ ከጉባኤው ፊት ባዶውን ተመልሷል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጭኖ ሄዷል፤ ሁሉም ተሳካ ብዬ አልዋሽም፣ አንዴ ይበቃኛል። ኃላፊያችን ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ሲሰናበተኝ «ቅጂ አለሽ አይደል?» አለኝ። «አለኝ» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ።

ከዚያ መንግሥት የተለወጠበት ያ ግንቦት መጣ። ዘበኛው ዩኒፎርሙን አውልቆ ጠፋ። ቢሮው ተሰብሮ ታይፑም ማባዣውም፣ ካርቶን የታሰረባቸው መጥረቢያዎች ሁሉ ተወሰዱ። መንገድ ተዘግቷል፤ ከእናቴ ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል። እኔ የኪራይ ክፍሌን ዘግቼ እጸልያለሁ። በመስኮት የማየው መጥረቢያ ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው ነው። ከከተማም ነው፣ ከሌላ መንደርም ነው፣ ከወደ ቦርደዴ ከሰል አክሳዮችም መጥተዋል ይባላል። ሕግ የለም፣ እስኪመጣ እንቁረጥ ነው።

በሩ ተንኳኳ። አዮ ናቸው፤ ደረቅ እንጨት ተሸክመዋል።

«አዮ! በዚህ ጊዜ እንዴት ወጡ?»

«ማክሰኞ ነዋ» አሉ፣ ሸክሙን እያወረዱ።

«ሕግ በሌለበት?»

«ሕጉ ሄደ እንዴ? የሄደው መንግሥት ነው።» ላባቸውን ጠረጉ። «ሴቶቹ መንገዱ ላይ ተቀምጠዋል። ከምንጩ በላይ ማንም አያልፍም ብለናል። ከኛ መንደር ያሉት ያውቃሉ፤ ሌሎቹ ግን ‹ማን አለ?› ይላሉ። ወረቀቷን ስጪኝ።»

«ማንበብ አይችሉም እኮ።»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ ማንበብ? አሻራዬን አሳያቸዋለሁ።»

ከጸሎት መጽሐፌ አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ከካርቦኑ ጋር ያቆየሁትን፣ ከአሥራ አንዱ አንቀጽ ሥር የሴቶቹ አሻራ ያለበትን ቅጂ። ጡታቸው ሥር ከተው ሄዱ። እንደዚያ ሳምንት ጸልዬ አላውቅም። ስለ ደኑ አልነበረም፤ መጥረቢያ ከያዘ ሰው ፊት ወረቀት ይዘው ስለ ቆሙት ስለ እሳቸው ነው።

የደኑ የታችኛው ወገን አልቋል፤ ዛሬ የጫት ማሳ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ግን አለ። ሳስቷል፣ ግን አለ። እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ፤ እኔም አገሬ ሳልመለስ እዚሁ አሰበ ተፈሪ፣ ዛሬ ቺሮ በሚሏት ከተማ፣ አረጀሁ። ጥዱ ሲሸተኝ አሁን የትኛውን አገር እንደሚያስታውሰኝ ለይቼ አልናገርም።

ያኔ ወረቀቷን በወሰዱ በሳምንቱ ማክሰኞ አዮ ተመለሱ። እንጨት አውርደው ወረቀቱን ከደረታቸው አወጡት። ላብና ቅቤ ጠጥቷል፣ አንዱ ጥግ ተቀዷል። ማን ሊቀማቸው እንደጎተተው አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩም። ክንዳቸው ላይ ሻሽ ታስሯል።

«ተቀደደ» አሉ። «ሌላ ምቺልኝ።»

«ታይፑ እኮ ተወስዷል፣ አዮ።»

«እጅሽንም ወሰዱት?»

ደጃፌ ላይ ተቀመጥን። ንጹሕ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አድርጌ በእጄ መጻፍ ጀመርኩ፤ አንዱን በጨረስኩ ቁጥር ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ሀ ተኡ» ይላሉ፣ አንድ ጣት ያጥፋሉ። እየሳቁብኝ መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። እየቆጠሩኝ ነው። አሥረኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው አለቀ። አሥራ አንደኛዋን ጻፍኩ፣ አነበብኩ። ሴቶች ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ያለ መጥረቢያ።

አዮ ሁለቱን እጃቸውን አዩ። ከዚያ አንዱን እጅ ፈቱና የኔን አንድ ጣት ይዘው አጠፉ።